ደሴ ላይ የተወዛዋዥ ቅጥር ፈተና አለብኝ፤ ምን ይዤ ልሂድ?

ቦርከና_ማዶ
ሰላም ለቤቱ። ደሴ ያለ አንድ የባህል ምሽት ቤት ሴትና ወንድ ተወዛዋዦች እቀጥራለሁ ብሎ ማስታወቂያ አውጥቷል። ፈተናው የሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። «የተግባርና የቃል ፈተና» ከማለት ውጭ የተጻፈ ነገር የለም። የምመጣው ከኮምቦልቻ ነው፤ በኪነት ክበብና በሠርግ ተጫውቻለሁ፣ በደሞዝ ግን ሠርቼ አላውቅም። ስንት ውዝዋዜ ልያዝ? ሙዚቃውን ራሴ ነኝ የማመጣው? ልብስስ? በቃል ምን ይጠይቃሉ?

የመድረክ_ጀርባ
ከቤት ቤት ይለያያል፣ ግን አካሄዱ ብዙም አይራራቅም። መጀመሪያ ምዝገባና ወረቀት። ቀጥሎ ብቻሽን ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ታሳያለሽ። ከዚያ አሠልጣኙ አዲስ ነገር ያስተምራችኋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ16 እስከ 32 ቆጠራ የሚሆን፣ በ15 ወይም በ20 ደቂቃ። ወዲያው ሦስት ሦስት ወይም አራት አራት ሆናችሁ መልሳችሁ ታሳያላችሁ። ከበሮ መቺ ካለ ደግሞ ያልጠበቃችሁትን ምት መትቶ «ተጫወቱ» ሊላችሁ ይችላል። የቃሉ ፈተና የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፣ ላብሽ ሳይደርቅ።

ሰው ሁሉ የሚለፋው ለብቻ ማሳያው ነው። ፈታኞቹ ግን 20 ሰከንድ ካዩሽ ምት ትጠብቂ እንደሆነ፣ ሰውነትሽ ተገርቶ እንደሆነ ገብቷቸዋል፤ ቀሪውን በትህትና ነው የሚያዩት። የሚቀጠረው ሰው የሚለየው አዲሱን ነገር በመቀበል ላይ ነው። ቤቱ በየማታው የሚያቀርበው የተጠናቀቀ ፕሮግራም አለው። አንዲት ልጅ ስትለቅ በቦታዋ የምትገባው በጥቂት ልምምድ ሙሉውን ይዛ መቆም አለባት። ስለዚህ ካለሽ ጊዜ ግማሹን ለዚህ ስጪ።

አለማመዱ እንዲህ ነው። አይተሽው የማታውቂውን የቡድን ውዝዋዜ ቪዲዮ ክፈቺ፣ 32 ቆጠራ ምረጪ፣ ስልክሽን 15 ደቂቃ ላይ ሙዪ። መጀመሪያ እግርና የክብደት ሽግግር ብቻ ያዢ፤ የትኛው እግር ላይ ነው የቆምሽው? ቀጥሎ አቅጣጫ፤ በየትኛው ቆጠራ ወዴት ትዞሪያለሽ? ትከሻና እጅ ሦስተኛ ነው፣ ፊት መጨረሻ። አብዛኛው ሰው ትከሻው ስለሚያምርለት ከሱ ይጀምራል፤ ከዚያ እግሩ ሲጠፋበት ሁሉም ይፈርሳል። ደቂቃው ሲያልቅ ቪዲዮውን ዝጊ፣ ለመስታወቱ ጀርባሽን ስጪ፣ ሁለት ጊዜ ተጫወቺውና በስልክ ቀርጸሽ አስተያዪ። በቀን አንድ አዲስ ይበቃል። ፊቱን ወደ ካሜራ አድርጎ የሚያሳይም ጀርባውን ሰጥቶ የሚያሳይም ቪዲዮ እያቀያየርሽ ተለማመጂ፤ ቀኝና ግራ የሚምታታው እዚያ ላይ ነውና።

ስትጠፊ (ሁሉም ይጠፋል) እግርሽ ምቱን እንዳይለቅ። ትከሻሽን ቀንሺ፣ ጎንሽ ያለችውን ዞረሽ አትዪ፣ በሚቀጥለው «አንድ» ላይ ግቢ። ምላስ ማውጣት፣ መሳቅ፣ ራስ መነቅነቅ የለም። ሳታስነቂ ከተመለስሽ ግማሹ ፈታኝ አላየሽም፤ ያየው ደግሞ በበጎ ይጽፍልሻል።

ብዛትን በተመለከተ ሦስት በደንብ፣ ሦስት በመካከለኛ ይበቃሉ። ወሎ የግድ ነው። ሌሎቹን ተራራቂ አድርገሽ ምረጪ፦ አንድ በእግር የሚሠራ (ጉራጊኛ)፣ አንድ በወገብ የሚሠራ (ወላይታ)፣ አንድ ቀስ ብሎ ተነስቶ የሚፈጥን (ትግርኛ)። የጎጃም፣ የጎንደርና የወሎ ትከሻ ብቻ ይዘሽ ብትመጪ አንድ ነገር ሦስት ጊዜ ያሳየሽ ነው የሚመስለው። «ኦሮምኛ» ብለሽ ደግሞ በደፈናው አትጻፊ፤ የሸዋው፣ የሐረርጌው ሸጎዬና የከሚሴው አንድ አይደሉም፣ «የትኛውን?» መባልሽ አይቀርም።

የጦሳ_ልጅ
በአንድ ነገር አልስማማም። የብቻ ማሳያውን አቃለልከው። የመንግሥት የኪነት ቡድን ሲቀጥር ፈታኞቹ ፊት ለፊታቸው የነጥብ ወረቀት አለ፤ ምት አጠባበቅ፣ የእንቅስቃሴ ጥራት፣ የፊት ገጽታ፣ አለባበስ እየተባለ ለየብቻ ይሞላል። እዚያ ብቻሽን የምታሳዪው ብዙ ነጥብ ሊይዝ ይችላል።

የመድረክ_ጀርባ
ለመንግሥት ቅጥር ልክ ነህ፣ እዚያ የትምህርትና የልምድ ማስረጃም ይመዘናል። እሷ የጠየቀችው ግን ስለ ምሽት ቤት ነው። ምሽት ቤት ሦስት ሰዎች ናቸው የሚወስኑት፦ አሠልጣኙ፣ የባንዱ መሪና ባለቤቱ። አሠልጣኙ መቀበልሽን፣ የባንዱ መሪ ጆሮሽን፣ ባለቤቱ ፈገግታሽን ያያል። ሦስቱ ካልተስማሙ አብዛኛውን ጊዜ የአሠልጣኙ ቃል ነው የሚጸናው፤ ነገ ልምምድ ላይ መከራውን የሚያየው እሱ ነዋ።

ጋሽ_ከበሮ
የባንዱ መሪ ስለሚሰማው ነገር እኔ ልጨምር።

ልጄ፣ በቅጂ ብቻ የተለማመደ ተወዛዋዥ ያስታውቃል። ቅጂ አይፈጥንም፣ አይዘገይም። በእጅ የሚመታ ከበሮ ግን ጨዋታው ሲሞቅ ይነሳል። ስለዚህ ያንኑ ውዝዋዜ በሦስት ፍጥነት ተለማመጂው፤ ዩቲዩብ ላይ ፍጥነቱን 0.75፣ ከዚያ እንዳለ፣ ከዚያ 1.25 አድርገሽ። በ1.25 ትከሻሽ ከታሰረ መንስኤው አንገትሽ ነው። አገጭሽን ቀና፣ ጥርስሽን ላላ፣ ክርንሽን ከጎድንሽ አንድ ጡጫ ያህል አርቂ። እንቅስቃሴው ከጀርባ አጥንቱ፣ ከትከሻ ብራኳው ይነሳ። ትንፋሽ ይዞ እስክስታ የሚመታ ሰው ደቂቃ ሳይሞላው ፊቱ ይጠቁራል፤ «እስስ» የምንለው ድምፅ ለጌጥ ብቻ የመጣ እንዳይመስልሽ፣ ትንፋሹን የሚያስወጣው እሱ ነው።

ሁለተኛ፣ ችክችካው (የከበሮው ምት) ስድስት ቢቆጠርም እግርሽ የሚወርደው በሁለቱ ከባድ ምቶች ላይ ነው፣ በአንድና በአራት። ስድስቱን ሁሉ በእግር ልከተል ካልሽ ትደክሚያለሽ፣ አያምርምም። በጭብጨባ ተለማመጂ፦ እጅሽ ስድስቱን ያጨብጭብ፣ እግርሽ በአንድና በአራት ብቻ ይርገጥ። ከዚያ እጅሽን አቁመሽ ስድስቱን ለትከሻ ስጪ።

ሦስተኛ፣ ከበሮ መቺው ለውጥ ሊያመጣ ሲል ይነግርሻል። ሰፊውን ፊት ጠንከር አድርጎ ይመታል ወይም ትንሹ ላይ ያንጣጣል። ዓይንሽ አልፎ አልፎ እጁ ላይ ይረፍ። ፈታኝ ላይ ብቻ አፍጦ የሚጫወት ለውጡ ያልፈዋል።

ስለ ወሎው ጨዋታ ደግሞ፣ ወጣቶቹ በጎጃም ጉልበት ይመቱታል። የወሎው ለስለስ ይላል፣ አንገትና ትከሻ ይነጋገራሉ፣ ጉልበት ላላ ይላል። ደሴ ላይ የሚፈትኑሽ ሰዎች ደግሞ የድሮውን የወሎ ላሊበላ ኪነት ቡድን ዘመን ያዩ ወይም ካዩት የተማሩ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ይህችን አይስቱም።

ወጌሻ_አይደለሁም
ከኮምቦልቻ ለምትመጪው። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ነው፣ ደሴ 2,500 ገደማ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም የ650 ሜትር ልዩነት ሳንባሽ ይሰማዋል፣ ብርዱ ደግሞ ጡንቻሽ። ከሚኒባስ ወርደሽ በቀጥታ ወደ ፈተና አትግቢ። 3 ሰዓት ከተባለ ቢዘገይ 1 ተኩል ላይ ደሴ ድረሺ፤ ክረምት ከሆነ ሐረጎ ላይ ጉም ስለሚኖር ሹፌሩ ቀስ ብሎ ይነዳል፣ ሌላ ግማሽ ሰዓት ጨምሪ። ቢቻል አርብ ማታ ዘመድ ቤት እደሪ።

ማሟሟቂያው 25 ደቂቃ ይሁን። 5 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃና ቀላል ዝላይ። 5 ደቂቃ መገጣጠሚያ ማፍታታት፦ ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበት፣ ዳሌ፣ ትከሻ፣ አንገት። አንገትን ወደ ኋላ ጥለሽ ሙሉ ክብ አታዙሪው፤ ጎን ለጎንና ወደ ፊት ይበቃል። ቀጥሎ 8 ደቂቃ ያህል እስክስታ በግማሽ ፍጥነት፣ ከዚያ 5 ደቂቃ እግር መወዛወዝና ወገብ፣ መጨረሻ ላይ የብቻ ማሳያሽን አንድ ጊዜ ብቻ በሙሉ ጉልበት። ከጨዋታ በፊት እግር ዘርግቶ ደቂቃ ሙሉ መሳሳብ የጡንቻን የመፈንጠር ኃይል ይቀንሳል፤ እሱን ለበኋላ፣ በየአንዳንዱ 30 ሰከንድ።

እዚህ ላይ ነው የሚበላሸው፦ ተሟሙቀሽ ስምሽ እስኪጠራ አንድ ሰዓት ትቀመጫለሽ። ደሴ ጠዋት በዚያ አንድ ሰዓት ሁሉም ይቀዘቅዛል። ጃኬትና ሱሪ እላይ ደርበሽ ቆዪ፣ ሁለት ሰው ሲቀርሽ ተነስተሽ 5 ደቂቃ እንደገና አሙቂ። ትከሻ የሚሸመቅቀውና ባት የሚቋጠረው በዚህ ምክንያት ነው።

ምግብ ፈተናው ከመጀመሩ ሁለት ሰዓት ተኩል ወይም ሦስት ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ፦ ቂንጬ፣ ወይም ዳቦ በማር። ጥብስና ሽሮ ይቆዩልሽ፤ አንዱ ሆድ ላይ ይተኛል፣ ሌላው ይነፋል። 45 ደቂቃ ሲቀር አንድ ሙዝ። ውሃ ግማሽ ሊትር፣ ፈተናው ሊጀመር ሁለት ሰዓት ሲቀረው፣ ከዚያ በጉንጭ በጉንጭ። ለሚጾም፣ ጾመ ፍልሰታም ይሁን ሌላ፣ በሶ ብጥብጥ ጥሩ ነው። ረመዳን ላይ የሚፈተን ካለ ደግሞ ምዝገባ ላይ «ከመጀመሪያዎቹ አድርጉኝ» ማለት ነውር የለውም፤ ወሎ ላይ ይህን የማይረዳ ፈታኝ የለም። ሱሑር ላይ ገንፎና ተምር፣ ውሃውን ከፋፍሎ።

ሰኞ_ገበያ
ጉራጊኛ በሲሚንቶ ወለል ላይ ለሰዓታት አትለማመዱ ብላችሁ ንገሯት። ጉልበት ይበላል።

ወጌሻ_አይደለሁም
ትክክል። ሲሚንቶና ሴራሚክ ምቱን አይውጡም፣ ሁሉም ወደ ጉልበትና ወደ ቅልጥም ይመለሳል። ሜዳ ወይም ጣውላ ከሌለ ሰሌን ወይም ስስ ምንጣፍ ደርባችሁ በአንድ ጊዜ ከ10 ደቂቃ በላይ አትዝለሉ፣ በጣት ጫፍ አርፋችሁ ተረከዝን በኋላ አውርዱ። ከቁርጭምጭሚት በላይ ያለው አጥንት ላይ በጣት ሲነካ አንድ ቦታ ብቻ ለይቶ የሚያም ከሆነ ማረፍና መታየት ነው፣ ቅባት አይፈታውም።

ቀሚስ_ሰፊዋ
ልብስ። ሁለት ዓይነት ያዢ።

አንደኛው የሥራ፦ ታይት፣ ገላ ላይ የሚቀመጥ ካናቴራ፣ ጠበቅ ያለ የስፖርት ጡት መያዣ። አሠልጣኙ ጉልበትሽንና ዳሌሽን ማየት ይፈልጋል። አዲሱን ነገር በረዥም ቀሚስ የሚማር ሰው እግሩን ደብቆ ነው የሚማረው፣ «ምን እየደበቀች ነው» ያሰኛል።

ሁለተኛው ለብቻ ማሳያ፦ ቀሚስ ከመቀነት ጋር። የቀሚሱ ጠርዝ ከቁርጭምጭሚት አራት ጣት ከፍ ይበል፤ መሬት የሚነካ ከሆነ ስትቀመጪ ትረግጪዋለሽ፣ ስትነሺ ወገቡ ይቀደዳል። ብብት ሥር ሁለቴ ተሰፍቶ እንደሆነ እጅሽን ወደ ላይ ዘርግተሽ ፈትሺ፤ እስክስታ መጀመሪያ የሚቀደው እሱን ነው። መቀነቱን ሆድሽን ነፍተሽ እሰሪ፤ ሆድ ስበው ያሰሩት መቀነት ትንፋሽ ይነሳል። ነጠላውን በቋጠሮ ብቻ አትመኚ፣ በሁለት መርፌ ቁልፍ ከውስጥ በኩል ያዢው፣ አንዱ በቀኝ ወገብ አንዱ በጀርባ። ከዚያ ሙሉ ልብሱን ለብሰሽ 10 ጊዜ ዝለዪ፣ 10 ጊዜ ዙሪ። የወደቀ ነገር ካለ ቤትሽ ይውደቅ።

ድሪና ትልልቅ ጉትቻ ለማሳያው ይበቃል፣ ለቡድኑ ሲሆን አውልቂ፤ ጎንሽ ያለችው ፊት ላይ ይመታል። ሹሩባ ከፈተናው ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ይሠራ፤ የዚያኑ ቀን የተሠራ ጭንቅላት ይወጥራል፣ ፊትሽ ላይም ያስታውቃል።

እግርን በተመለከተ ካልሲ ለብሰሽ ሴራሚክ ላይ እንዳትወጪ። ባዶ እግር ወይም ስስ የጎማ ሶል ያለው ጫማ፣ ቀድሞ የተለመደ።

ቦርከና_ማዶ
ሁላችሁም ክበሩልኝ። ጋሼ፣ የጭብጨባውን ዛሬ ሞከርኩት፣ ከባድ ነው 😅 ሲቪ ላይ ምን ይጻፍ? የቃሉንም ማንም አልመለሰልኝም። ደግሞ ለወሎው ማሳያ መንዙማ ባደርግስ ብዬ አስቤ ነበር።

አምባሰል_ቅኝት
መንዙማውን ተዪው እህቴ። የአምልኮ ነው፣ ለምሽት ቤት መድረክ አይሆንም፤ ደሴ ውስጥ ደግሞ ቅር የሚለው ሰው ከፈታኞቹ አንዱ ሊሆን ይችላል። ፈጠን ያለ የባቲ ወይም የአምባሰል ዜማ ምረጪ። «ይህ በምን ቅኝት ነው?» ብለው ቢጠይቁሽ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ የሚባሉትን አራቱን በጆሮ መለየት ቢያንስ ሞክሪ። ለአምባሰል የማሪቱ ለገሰን ዘፈኖች ደጋግሞ መስማት ጆሮን ይገራል።

ለቃሉ ፈተና በፕሮግራምሽ ላይ ላለው ለእያንዳንዱ ውዝዋዜ አራት ነገር አጥኚ፦ የማን ነው፣ መቼ ይጫወቱታል (ሠርግ፣ በዓል፣ አዝመራ)፣ በምን መሣሪያ፣ በምን ልብስ። ብዙ ሰው የሚወድቀው በአጠገቡ ባለው ነው። በነሐሴ አጋማሽ የሚጀምረውን የልጃገረዶች ጨዋታ እንኳ ያምታቱታል፤ በዋግ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ ነው። አንዱን በሌላው ስም ከጠራሽ ያገሩ ሰው ይቆጣሻል።

ቀሪው ስለ ሥራው ነው። «ማታ ስንት ሰዓት ድረስ መቆየት ትችያለሽ?» «ከባልደረባ ጋር ብትጋጪ?» «እንግዳ መድረክ ላይ ሲሸልም አላስፈላጊ ቢነካሽስ?» ለመጨረሻው አጭር መልስ ያዢ፦ ጨዋታውን ሳላቋርጥ ርቀቴን እጠብቃለሁ፣ ለመድረክ መሪው ምልክት እሰጣለሁ። ከዚያ አንቺም መልሰሽ ጠይቂ፦ «እንዲህ ሲሆን ቤቱ ምን ያደርጋል?» መልሱ ስለ ቤቱ ብዙ ይነግርሻል።

ሲቪ አንድ ገጽ። ስም፣ ስልክ፣ ቁመት፣ የምትችያቸው ውዝዋዜዎች «በደንብ» እና «በመካከለኛ» ተብለው ተለይተው፣ ከየትኛው ቡድን ጋር ከመቼ እስከ መቼ፣ ከበሮ መምታት ወይም ተቀባይ መሆን ከቻልሽ እሱም። «የሁሉንም ብሔረሰቦች» ብሎ የጻፈ ሰው ኮንሶ አሳይ ይባላል።

ሰኞ_ገበያ
ሙዚቃው ደግሞ በፍላሽ፣ ሁለት ፋይል ብቻ፣ በስምሽ ተሰይሞ። 60 ዘፈን ያለበት ፍላሽ ሰጥቶ «17ኛው ነው» ማለት ያስጠላል። ስልክሽ ላይም ይኑር፣ ኤርፕሌን ሞድ አድርገሽ፤ መሃል ላይ ጥሪ ከገባ አለቀ። መብራት ከጠፋ ደግሞ በጭብጨባ ተጫወቺ ይሉሻል፣ ያለ ሙዚቃ አንዴ ሞክረሽው ሂጂ።

የሥራ_ውል
የሚከፈልሽን ሳትጠይቂ እንዳትወጪ። የግል ቤት ስለሆነ የሚገዛው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፣ በጽሑፍም መሆን አለበት። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመበት መግለጫ ሊሰጥሽ ይገባል። መደበኛው ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው፤ ልምምድም ሥራ ነውና ይቆጠር። ከዚያ ያለፈው ትርፍ ሰዓት ከምሽቱ 4 ሰዓት በፊት በአንድ ከግማሽ፣ ከ4 ሰዓት እስከ ንጋት 12 በአንድ ከሦስት ሩብ ይሰላል። በመደበኛ ፈረቃሽ ውስጥ ያለ ማታ ግን ትርፍ ሰዓት አይባልም፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይከራከራል። ጡረታ ከደሞዝሽ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ።

በጽሑፍ የማይገኘውን ደግሞ በአፍ ጠይቂ፦ ሽልማቱ የማን ነው? አንዳንዱ ቤት ግንባርሽ ላይ የተለጠፈው ያንቺ ነው ይላል፣ ሌላው በአንድ ሣጥን ሰብስቦ ለባንዱም ለተወዛዋዡም ያካፍላል። ልብስ ቢቀደድ ማን ይከፍላል? ሌሊት ማን ያደርሰኛል? ኮምቦልቻ ለምትገባ ሰው የመጨረሻው ጥያቄ ከደሞዙ አያንስም፤ በዚያ ሰዓት ሚኒባስ የለም። ቤቱ መኪና ከሌለው ደሴ የምትከራዪበትን ደሞዙ ላይ አስቢው።

የጦሳ_ልጅ
አንድ ነገር ልብ በይ። ፈተና በቀን ብርሃን፣ በአዳራሹ ወይም በቤቱ መድረክ ላይ ነው የሚሆነው። «ሆቴል ክፍል ውስጥ ነይ» ካሉ፣ የመመዝገቢያ ብር ካሉ፣ ዋናውን መታወቂያ ይዘው እናስቀር ካሉ፣ ወይም ዐረብ አገር እንወስዳለን የሚል ነገር ካነሱ ውልቅ ብለሽ ውጪ። ኮፒ ስጪ፣ ዋናውን አሳይተሽ መልሺ። ሰው ይዘሽ ሂጂ፣ ውጭ ይጠብቅሽ።

ቦርከና_ማዶ
እሺ፣ እህቴ አብራኝ ትመጣለች። አሁን ደውለው በቴሌግራም አጭር ቪዲዮ ቀድመሽ ላኪ አሉኝ። እና የመረጥኩት ባቲ መግቢያው ላይ ማሲንቆ ብቻውን 20 ሰከንድ ይቆያል፣ ደስ ስለሚል ልተወው?

የመድረክ_ጀርባ
ቪዲዮውን ስልኩን አጋድመሽ፣ በወገብሽ ቁመት አስቀምጠሽ፣ 4 ሜትር ገደማ ርቀሽ ቅረጪ፤ ከራስሽ እስከ እግርሽ ጣት ይታይ። ብርሃኑ ከፊትሽ ይምጣ፣ መስኮት ከኋላሽ ካለ ጥላ ብቻ ነው የሚታየው። ሳይቆረጥ ከ60 እስከ 90 ሰከንድ፣ ቲክቶክ ማሳመሪያ የለም፣ መጀመሪያ ላይ ስምሽን ተናገሪ። ስትልኪ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኪው፣ አለበለዚያ ጥራቱ ይወርዳል።

ማሲንቆውን ቁረጪው። 4 ሰከንድ ትተሽ ምቱ ይግባ።

ጋሽ_ከበሮ
6 ይሁንላት። በማሲንቆው ቆማ አንገቷን ብቻ ታሳያቸው፣ ከዚያ ምቱ ሲገባ ትከሻ።

የመድረክ_ጀርባ
እሺ ጋሼ፣ 6።